በሁዳዴ የናረ ኮሌስትሮል

ላቦራቶሪ የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን፣ ገና ጓንት ሳላጠልቅ፣ አለቃዬ አቶ መስፍን «ማሽን ይዋሻል፤ ሰው ደግሞ ይብሳል። ሁለቱንም ጠርጥሪ» አሉኝ። ለቀባሪው አረዱት! እኔ ወተት እንኳ ስገዛ ውሃ እንዳልገባበት ሳላይ አልከፍልም።

ሐዋሳ መሃል ከተማ ባለች ክሊኒክ ጡረታ እስክወጣ በዚሁ ጠባዬ ሠራሁ። ደም እቀዳለሁ፣ በሴንትሪፉጅ አሽከርክሬ ሴረሙን፣ ማለትም ከላይ የሚቀረውን ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ እለያለሁ፣ ለማሽኑ እሰጣለሁ። «ጾመው ነው የመጡት?» ስል «እንዴታ፣ ረቡዕ አይደል!» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ለካ ሽሯቸውን ጠግበው ነው የመጡት። ስለዚህ «ከማታ ጀምሮ እህል ቀምሰዋል?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ።

በሁዳዴ መገባደጃ ላይ አቶ ወልዴ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ መጡ። ቀጭን ናቸው፣ ገና ጎልማሳ። ሲራመዱ ደረታቸውን ይጨንቃቸዋል። ማሽኑ ያወጣላቸው የኮሌስትሮል ቁጥር ግን ጮማ ቤት ያደረም ሰው አያወጣውም።

ማሽኑን ጠረጠርኩ። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ መቆጣጠሪያ ናሙና አስገባሁ፤ ልክ ነው። ቱቦ ተለዋውጦ ይሆናል ብዬ እንደገና ቀዳኋቸው፤ ያው ነው። የቀረው ሰውየው ነው።

«አቶ ወልዴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ጓዳ ገብተው ቅቤ ነካ አድርገዋል?»

«እኔ?» ብለው ጮኹ። «የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ደጄ ላይ ሆኖ ዓሣ እንኳ የማልቀምስ ሰው ነኝ! ምን ነካሽ ሲስተር?»

ተናድጄ ሰውየውን ከነውጤታቸው ወደ ክሊኒካችን ሐኪም ወደ ዶክተር ሄለን ወሰድኳቸው። እሷ ስለ ቅቤ አንድም ነገር አላነሳችም። ጫማቸውን አስወልቃ ከተረከዛቸው በላይ ያለውን ጅማት ዳሰሰች፤ ወፍሮ ተጓጉሏል። የጣቶቻቸው አንጓዎችም እንደዚያው አብጠዋል።

«የአባቴ እጅ ነው» አሉ ኮራ ብለው። «ወንድሜም ነበረው። የቤታችን ምልክት ነው።»

«ወንድምዎ የት ናቸው?» አለች ዶክተር ሄለን።

ፊታቸው ጠቆረ። «ሚስቱ መርዝ አብልታ ገደለችው። ደህና ሰው እራቱን በልቶ ሲነሳ በሩ ላይ ወደቀ። ያቀረበችለት እሷ ናት።»

«አባትዎስ?»

«ሱቁ ውስጥ ወደቀ። እሱም ገና ጎልማሳ ነበር።»

አላስችል አለኝ። «እሳቸውንስ ማን አበላቸው?» አልኩ። ዶክተር ሄለን ገላመጠችኝ።

«ይህ ከገበታ የመጣ አይደለም» አለች ረጋ ብላ። «የሚወረስ ነው። ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም ላይ እንደሚገባ አያነሳውም፤ ከልጅነት ጀምሮ የልብን ደም ሥር ያጠብባል። ጾም ብቻውን አያወርደውም፤ ኪኒን ግን አለው። አንድ ወላጅ ካለበት ከልጆቹ እያንዳንዱ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ወንድምዎ ልጅ አላቸው?»

«አንዲት ሴት። እዚሁ አቅራቢያ ቱላ ከተማ ከእናቷ ጋር ናት። አንነጋገርም።»

«ሳትዘገይ ትመርመር።»

«ዕድሜ ልክ ኪኒን ልትሸጡልን ነዋ!» ብለው በሩን ዘግተው ወጡ። እኔ የማላውቃትን ልጅ እያሰብኩ ሰነበትኩ። ማን ይነግራታል? አጎቷ እናቷን ገዳይ ይሏታል።

ከፋሲካ በኋላ መጡ። ከኋላቸው የከሳችው የወንድማቸው ሚስትና ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጇ ነበሩ። አቶ ወልዴ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «የአባቴ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፤ እሱን ማንም መርዝ አላበላውም» አሉ።

ልጅቷን ቀዳኋት። አንጓዎቿ ለስላሳ ናቸው፤ ደስ አለኝ። ማሽኑ ግን ከፍተኛ ቁጥር አወጣ። ደገምኩት። አልተለወጠም።

ዶክተር ሄለን ስትነግራቸው አቶ ወልዴ ወደ ሴትየዋ ዞሩና አንገታቸውን ደፉ። «አንቺ አይደለሽም» አሉ።

«እኔ አለመሆኔንማ አውቃለሁ» አለች እናትየው፣ የልጇን እጅ እንደያዘች። «ስትጠረጥረኝ ብትውል ብታድር ግድ አልነበረኝም። ይህቺን ልጅ ግን ልትገድልብኝ ነበር።»

ልጅቷ መድኃኒቷን ጀመረች፤ አጎቷም ጀመሩ። ከቤተሰባችሁ ጎልማሳ በድንገት ከወደቀ፣ ያበላውን ሰው ከመፈለጋችሁ በፊት የልጆቹን ደም አስመርምሩ።