የስሜ ሽታ

ልጅ ሳለሁ የገዛ ስሜ ይሸተኝ ነበር።

ያኔ ቤታችን ከደባርቅ ወጣ ብሎ ነበር። የአባቴ አጎት የኔታ ሲመሽ ምድጃው ዳር ተቀምጠው፣ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናቸውን እያስለቀሳቸው፣ በኩራዝ ብርሃን የመጽሐፍ ቅዱስን ሴቶች ታሪክ ይነግሩናል፤ ስማቸው በዕብራይስጥ ምን ማለት እንደሆነም ሳይነግሩን አያልፉም። ሣራ ልዕልት፣ ዲቦራ ንብ፣ ትዕማር ዘንባባ። ታላቅ እህቴ ሐና የራሷ ስም «ጸጋ» ማለት እንደሆነ ስትሰማ ፊቷ በራ። እኔ ራሔል ጓጉቼ ተራዬን ጠበቅሁ።

«ራሔል እንስት በግ ማለት ነው፣ ልጄ» አሉኝ የኔታ።

ወንድሞቼ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁብኝ። የኔታ፣ ያዕቆብ ለራሔል ሲል የጉድጓዱን ድንጋይ ብቻውን እንዳንከባለለ ቢነግሩኝም አልሰማኋቸውም። በጎቻችን ከእኛው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያድሩ ስለነበር፣ ዝናብ የመታው ጸጉራቸውና ላታቸው ላይ የደረቀው ቆሻሻ ሁሉ እኔ ላይ የተለጠፈ መሰለኝ። የምተኛበትን አጎዛ እንኳ ተጸይፌ መሬት ላይ መተኛት ጀመርኩ።

በዚያው ዓመት አባቴ አንዲት በግ ሊሸጥ ዳባት ገበያ ይዞኝ ሄደ። ገዢው መንጋጋዋን ይዞ ከንፈሯን ገልቦ ጥርሷን አየ፤ ጀርባዋን ጨመቀ፤ ላቷን አነሳ። በጓ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

በሳምንቱ ሐናን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። ሐና ሰባተኛ ክፍል ነበረች፤ ትምህርቷን መጨረስ እንጂ ባል እንደማትፈልግ ለእናቴ እያለቀሰች ነግራታለች። ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጣችው የሙሽራው አክስት፣ ሐና ጠላ ስትቀዳላት ክንዷን ያዘቻት።

«እስቲ ፈገግ በይ፣ የኔ ልጅ።»

ሐና አልሳቀችም። ሴትዮዋ በአውራ ጣቷ ከንፈሯን ገለበችው፤ ቀጥላም «ዞር በይማ» ብላ ወገቧን ዳበሰች። አባቴም የኔታም እያዩ ጠላቸውን ይጠጣሉ።

«ይተዋት!» ብዬ ጮህኩ። «በጓ እኔ ነኝ! እሷ ጸጋ ናት!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። የኔታም ሳቁ። ያን ሁሉ ስም የፈታልን አፍ ጠላ በጢሙ ላይ እያንጠባጠበ ሲስቅ አየሁት። ከዚያ የኔታ ጢማቸውን ጠረግ አድርገው ጋብቻውን መረቁ። ጥር ላይ ሐናን ዳሯት። ከደብተሮቿ የተረፉትን ባዶ ገጾች እኔ ጻፍኩባቸው፤ ምድጃው ዳር ግን ሁለተኛ አልተቀመጥኩም።

ዛሬ እዚያው ዳባት አስተማሪ ነኝ። በግ አይሸተኝም፤ ምን በደለችኝና። የሚያስጠላኝ ያ ሳቅ ነው። አሁንም ድግስ ላይ ሽማግሌዎች እንደዚያ ሲስቁ ስሰማ ምግቤን ትቼ እወጣለሁ።

ሐና የመጀመሪያ ሴት ልጇን የወለደች ጊዜ ስም እንዳወጣላት ጠየቀችኝ።

«ዲቦራ» አልኳት።

ትርጉሙን እሷም አልረሳችውም። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስጠጋቻትና «ትንደፋቸው» አለች።