ለሆራ የወሰድኩት ዘር

ሰኞ፣ ጂንካ

ከጂንካ ስነሣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር፤ ዝናቡ አላቆመም። እንዲህ ሲያደርገን ሦስት ሳምንት ሆነው። ጓሯችን ውስጥ ጥቅል ጎመኑ ከውስጥ በስብሶ ይሸታል፤ ቡናው ጊዜው ጠፍቶበት ባንድ ቅርንጫፍ አበባም ፍሬም ይዟል፤ የተመቸው ጎደሬው ብቻ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሃያ ኪሎ ማሽላ ጆንያ ውስጥ ከትቼ ሳስር ታየኛለች። "በገዛ ፈቃድሽ፣ በገዛ ገንዘብሽ" አለች። ምክንያቱን ታውቀዋለች።

ለአንባቢ ግን ልንገር። የግብርና ሠራተኛ ነኝ፤ ወደ ጂንካ ከመዛወሬ በፊት ከተራራው ማዶ ቆላው አርቦሬ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ዘንድሮ በልግ ሲገባ፣ ከመዛወሬ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከቢሮ የተላከውን የአየር ትንበያ ዛፍ ሥር ለተሰበሰበው ሰው አነበብኩ። "መደበኛ ዝናብ ይጠበቃል" ይላል። በቢሮ አማርኛ መደበኛ ማለት ክፉውም ደጉም ዓመት ተደምሮ ሲካፈል የሚገኘው ነው። አስተርጓሚው ግን "ዝናቡ እንደ ድሮው ይሆናል" ብሎ ነገራቸው። እኔ አርቦሬኛ ስለማልሰማ፣ ልክ ነው ለማለት አንገቴን ነቀነቅኩ።

ሆራ የሚባሉ አዛውንት ያንን አምነው፣ ለሁለተኛ መዝሪያ ሁልጊዜ የሚያስቀሩትን ዘር ሳይቀር አራግፈው ዘሩት። ዝናቡ ሁለት ቀን ወርዶ ቀረ። ይህን የሰማሁት ባለፈው ወር ነው፤ ባለቤታቸውን ሊያሳክሙ ጂንካ መጥተው ሆስፒታል በር ላይ ተገናኘን። ሳይቆጡ ነገሩኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ በሃያ ኪሎ ማሽላ ላሸው ተነሣሁ።

ወደ ወይጦ

ሚኒባሱ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር አስከፈለኝ፤ ለጆንያው ሌላ ሃምሳ። ረዳቱ ጆንያውን ጣራ ላይ ሲጭን ምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

"ዘር ነው። ወደ አርቦሬ።"

"እህቴ፣ ወይ ዘሩን ወይ አርቦሬን ተዪ" አለና ሳቀ። ሳቅሁ፤ ግን ደስ አላለኝም።

እስከ ቀይ አፈር ድረስ መስኮቱ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ከዚያ ቁልቁለቱ ሲጀምር ሰው ሁሉ ሹራቡን እያወለቀ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። እንሰቱ ቀርቶ ግራር መጣ፤ ግራሩም እየወረድን በሄድን ቁጥር ቅጠሉ እየሳሳ ግንድና እሾህ ብቻ ቀረ። ከአንድ ተራራ ማዶ እኛ በዝናብ ስንበሰብስ እዚህ አቧራ ይነሣል። ይህን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ያን ቀን ግን የእግዜር ሥራ ቅር አለኝ።

ወይጦ ከድልድዩ በታች ወንዙ አሸዋ ሆኗል። ከጋሞ ደጋ መጥቶ እዚሁ የቀረው ታደለ ሻይ ቤት ገብቼ ፍርፍር በላሁ። ታደለ የመጪውንም የሂያጁንም ወሬ የሚይዝ ሰው ነው።

"ግሪሳ አለፈ" አለኝ። "ያ ክፉ ወፍ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያልፍ ዋለ። በመስኖ የዘሩት እንኳ አልተረፈላቸውም።"

"ዝናብስ?"

"ደመናውን ታዪዋለሽ። ይመጣል፣ ያየናል፣ ይሄዳል።"

በአርቦሬ አድርጎ ወደ ቱርሚ ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ቦታ አገኘሁ። ከወይጦ በኋላ አስፋልት የለም። በፊት በዚህ ሜዳ እንሹዎች፣ እነዚያ ጥንቸል የሚያህሉ ሚዳቋዎች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው መኪና ሲያዩ ይፈተለኩ ነበር። ዛሬ ያየሁት አንድ ነው፤ ቁጥቋጦ ሥር ብቻውን ቆሞ። አጠገቡ ስናልፍ አልሮጠም። ሾፌሩም ሳያስበው ፍጥነቱን ቀነሰ።

አርቦሬ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስኩ። የሆራ የከብት በረት ባዶውን ነው፤ ወንዶች ልጆቻቸው ከብቶቹን ይዘው ሣር ፍለጋ ርቀው ሄደዋል። ቤት የቀሩት ሆራ፣ ባለቤታቸውና ሦስት የልጅ ልጆች ናቸው። ሆራ በጎጇቸው ጥላ ትንሿ የእንጨት መቀመጫቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"ግብርና፣ መጣህ?" አሉኝ። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። አማርኛቸው ከገበያ የተለቀመ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም በ"አንተ" ነው የሚያናግሩት።

"መጣሁ አባባ። ዘር ይዣለሁ።"

ጆንያውን ፈታሁላቸው። ዘገን አድርገው አሸተቱ፤ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሯት። "ጥሩ ዘር ነው" አሉ። ከዚያ ተነሥተው መሬታቸውን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ።

እዚህ የሚታረሰው የወይጦ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብስና ውሃው ሲሸሽ በሚቀረው እርጥበት ነው። አሁን መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ እጄን ብሰድ እስከ አንጓዬ ገባ። ወንዙ ዳር የባለቤታቸው ጓሮ አለ፤ ጓሮ ከተባለ። አራት የዱባ ሐረግ ነው። አሸዋውን ቆፍረው ከሚያወጡት ውሃ በቅል እየቀዱ ያጠጡታል። ፍሬውን ዝንጀሮ ወስዶታል።

"ዝንጀሮም ይርበዋል" አሉ ሆራ። ወደ ደቡብ፣ ወደ ጨው ባሕር አቅጣጫ አገጫቸውን ቀሰሩ። "በፊት ሳላ ነበረ፣ ቀንዱ ረጅም። ሳላ ከዚያ ወጥቶ ወደዚህ ከመጣ ዝናብ ከኋላ ይመጣል። አባቴ ወረቀት አያነብም፣ ሳላ ነው የሚያነብ። አሁን ሳላ የለም። ወረቀት ብቻ አለ።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎረቤቶች መጥተው ተቀመጡ። ሆራ መሐል ላይ ጆንያውን አቁመው ጠየቁኝ።

"ይሄ ዘር ሁለት መንገድ አለው። ውሃ በቅርብ ከመጣ እናስቀምጣለን። እንራባለን፣ ግን እንዘራለን። ካልመጣ እንፈጫለን፣ ልጆች ይበላሉ። ወረቀት ምን ይላል?"

ሊቀየሙኝ ይችላሉ፣ ጀርባቸውን ሊሰጡኝ ይችላሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እንደገና ይጠይቁኛል ብዬ አላሰብኩም። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ስለሚጠበቀው አጭር ዝናብ የሚናገር ነው፤ የሚለውም ያንኑ "መደበኛ" ነው። በዚያ ቃል አንድ ጊዜ ቤታቸውን አራቁቻለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ብጠራው ልጆቹ ርቧቸው ዘሩን እየጠበቁ ዝናቡ ቢቀርስ? ቦርሳዬን አጥብቄ ያዝኩ።

"አላውቅም አባባ" አልኩ።

"ወረቀት የለም?"

"የለም።"

ሆራ ለጎረቤቶቻቸው በአርቦሬኛ ተናገሩ። ማንም አልተከራከረም። ከማሽላው እየተካፈሉ አንድ በአንድ ተነሥተው ሄዱ።

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ የወፍጮ ድንጋይ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። የሆራ ባለቤት ተንበርክከው የቀረውን ማሽላ እየፈጩ ነው። ልጆቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ከድንጋዩ ጠርዝ የሚፈናጠረውን ፍሬ ይለቅማሉ። ገንፎው ሲደርስ መጀመሪያ የተሰጠው ለእኔ ነው። እምቢ ልል ነበር።

"እንግዳ ነህ፣ ብላ" አሉ ሆራ።

በላሁ። ዘር ብዬ የተሸከምኩትን በእጄ እየቆረስኩ በላሁት።

ረፋድ ላይ ወደ ወይጦ የሚመለስ መኪና አገኘሁ። ግማሽ መንገድ ስንደርስ በስተሰሜን ደጋው በሙሉ ጠቁሮ ነበር። ወይጦ ስገባ ሰው ድልድዩ ላይ ተሰብስቧል። አሸዋው ላይ በመጀመሪያ አረፋና ጭራሮ የተሸከመ ቀጭን ውሃ ታየ፤ ከዚያ ቀዩ ጎርፍ ግንድ እያንከባለለ መጣ። ወዲያው እኛም ላይ ዶፍ ወረደ።

ታደለ በደስታ ክንዴን ያዘኝ። "ጌታ ይመስገን! አርቦሬ ሊጠጣ ነው።"

አሜን ማለት አቃተኝ። ጎርፉ ከድልድዩ ሥር አልፎ ወደ ሆራ መሬት ሲወርድ አየሁት፤ እዚያ የሚጠብቀው አንድ ፍሬ ዘር እንደሌለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቤት

ጂንካ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ሆራ በጎረቤት ስልክ ደወሉ። "ግብርና፣ ውሃ መጣ። መሬት ሁሉ ጠጣ። ዘር አለህ?" ያን ዕለት ገበያ ሄጄ ሌላ ጆንያ ገዛሁና በሚኒባስ ወደ ወይጦ ላክሁት። ከወይጦ ግን አላልፍ አለ። ሜዳው ባሕር ሆኖ መኪናውም እግረኛውም ቆመ። ዘሩ ታደለ ሻይ ቤት ጥግ ላይ ሁለት ሳምንት ያህል ተቀመጠ። መንገዱ ሲከፈት ፀሐዩም አብሮ ተከፍቶ ነበር።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ልጻፍ፤ ካልጻፍኩት እሸሸዋለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። ተሳስቼ ተናግሬ ቤት አራቆትኩ፤ ፈርቼ ዝም ብዬ ያንኑ ቤት ዳግመኛ አራቆትኩት። በሦስተኛው ምን ማድረግ እንዳለብኝ ዛሬም አላውቅም።

ሆራ ዳግመኛ ሲደውሉ ዘሩ እንደደረሳቸው ነገሩኝ።

"መሬቱስ?" አልኳቸው።

"ደረቀ። ፈጨነው።"

ያን ጊዜ ከውስጤ ወጣ። "አባባ፣ ያን ዕለት ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ስጠይቅህ እጅህ ቦርሳ ጨበጠ።"

"ታዲያ ለምን አውጪው አላሉኝም?"

"ፊትህ ፈራ። እንዲህ የሚፈራ ሰው የያዘው ወረቀት ዝናብ የለውም ብዬ ነው" አሉ። "ወረቀቱን ተውኩት። አንተን አነበብኩ።"