የምስክሮቹ ምስክር

አቶ ደምሴ በሐዋሳ የአንድ ሰፈር እድር ዳኛ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ለመታወቂያ ምስክር ያጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀበሌ የሚሄደው እርሳቸውን ይዞ ነበር። ባለፈው ጥር የራሳቸው መታወቂያ ጊዜው አለፈ። ናይሮቢ በምትዳረው ልጃቸው ሰርግ ላይ ለመገኘት ፓስፖርት ያስፈልጋቸዋል፤ ፓስፖርቱ ደግሞ የታደሰ መታወቂያ ይጠይቃል። ስለዚህ ሦስት ጎረቤቶቻቸውን ለምስክርነት አስከትለው ቀበሌ ቀረቡ።

የመዝገብ ሠራተኛዋ ወንጌላዊት ብድግ ብላ ተቀበለቻቸው፤ አቶ ደምሴን በስማቸው ጠርታ ጤንነታቸውን ጠየቀች። ከዚያ መዝገቡን ገለጠች።

“ጋሼ ደምሴ፣ ለሦስቱም የመሰከሩት እርስዎ ነዎት። የእርስዎ ማንነት ሳይረጋገጥ የእነሱን ምስክርነት እንዴት እቀበላለሁ?”

“ልክ ነሽ ልጄ። እስቲ የራስሽን ፋይል አውጪው።”

አወጣችው። ከወላይታ በመጣችበት ዓመት የመሰከሩላት እርሳቸው ነበሩ።

“አየሽ፣ አንቺም አትታወቂም። የማትታወቅ ሴት ደግሞ እኔን ልትመልሰኝ አትችልም።”

መመሪያው ለዚህ የሚሆን አንቀጽ አልነበረውም። ወንጌላዊት ከወንበሯ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ውጭ በኩል ዞረች፤ ከባለጉዳዮች ጋር ቆማ በአራተኛ ምስክርነት ፈረመች። ተመልሳ ተቀመጠችና የገዛ ፊርማዋን በጥንቃቄ መረመረች። አሳማኝ ሆኖ ስላገኘችውም ማኅተሙን መታች።