የቅርጫው ሥጋና የአባባ ባርናባስ ደም

ሮማነወርቅ ደም የሞላውን ቲዩብ አትንጠውም። ታጋድመዋለች፣ ታቃናዋለች፤ ስምንት ጊዜ፣ በዝግታ። ከዚያ በክብደት እኩያው ከሆነ ቲዩብ ጋር ትይዩ አስቀምጣ በሴንትሪፊውጅ ታሽከረክረዋለች። ሲቆም ቀዩ ከታች ይዘቅጣል፤ ቢጫው ፕላዝማ ከላይ ይንሳፈፋል። በመሃል ያለችውን ስስ ነጭ ሽፋን ሳትነካ፣ የጣት ስፋት ያህል ትታ፣ ቢጫውን በፒፔት ትቀዳለች። ደግማ ታሽከረክራለች። በአራት ትናንሽ ቲዩቦች ታካፍላለች፤ ቁጥርና ቀን ትጽፍባቸዋለች፤ ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ የሚያቀዘቅዘው ፍሪዘር ውስጥ ትከታለች።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለኤክሶዞም ነው። ሴሎች ወደ ደም የሚለቋት፣ በተራ ማይክሮስኮፕ የማትታይ ከረጢት ናት። ከአንጎል የወጣችው የአንጎልን ወሬ ይዛ ትዞራለች። ዲላ ላይ የተጀመረው ጥናት ያንን ወሬ አንብቦ፣ እጅ የሚያንቀጠቅጠውን የአንጎል በሽታ ገና በጠዋቱ ለመለየት ነው። ሲሳካ ደግሞ ከረጢቷን መድኃኒት አሸክሞ ወደ አንጎል ለመላክ።

አባባ ባርናባስ ለዚህ ጥናት በየስድስት ወሩ ከቡሌ እየወረዱ ሦስት ጊዜ ደም ሰጥተዋል። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጎረቤት እርግማን ነው ይላቸዋል።

«ሲስተር፣ ደሜን አደራ» አሏት በሦስተኛው።

«ሲስተር አይደለሁም እኮ አባባ፤ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ።»

«እሺ ሲስተር።»

ሳቀችና «እንደ ዓይኔ እጠብቀዋለሁ» አለቻቸው።

ፋሲካ ደረሰ። የላብራቶሪው ግቢ ሠራተኞች ቅርጫ ገቡ፤ የንብረት ክፍሉ ግዛቸው ሰብሳቢ ሆነ። በሬው ቅዳሜ ታረደ፤ መብራት ግን ጠፋ። ወናጎና ይርጋጨፌ ያሉት ባልደረቦች መደባቸውን የሚወስዱት ሰኞ ነው። ጄኔሬተር ላይ የተሰካው ፍሪዘር ደግሞ የደሙ ብቻ ነው፤ ቁልፉም «ሁላችን ቤተሰብ ነን» ተብሎ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል።

ሰኞ ጠዋት ሮማነወርቅ ፍሪዘሩን ከፈተች። ሽንጥና ጎድን አፈጠጠባት።

«ግዛቸው! ምንድን ነው ይሄ?»

«የነወናጎዎቹ መደብ ነዋ። ያንቺም አለበት፤ ጉበት ጨምሬልሻለሁ።»

«ቲዩቦቹስ?»

«ጠረጴዛው ላይ። አቧራ እንዳይነካቸው ፎጣ አልብሻቸዋለሁ። ምን ያስቆጣሻል? ደም እንደሆን ያው ደም ነው፤ ነገ ትቀጂያለሽ።»

«የአምናን ደም ዘንድሮ ከየትኛው ክንድ ልቅዳ? እስቲ ንገረኝ!»

ደሙ ሁለት ቀን ሙሉ ከፎጣ ሥር ሞቋል። የጥናቱ አስተባባሪ ዶክተር ልዑልሰገድ መጥቶ አየው፤ በሩን ዘጋ።

«መልሰሽ አስገቢው። በረዶ ከሆነ በኋላ ማን ያውቃል?»

«እኔ! ማሽኑ የተበላሸ ደም አንብቦ በሽተኛውን ጤነኛ ቢል አንተ ትፈርማለህ?»

ቀይ እስክሪብቶ አነሳችና በእያንዳንዱ ቲዩብ ላይ «ቀልጧል» ብላ ጻፈች። እስክሪብቶው የተለጠፈባቸውን ወረቀት እየቀደደ ነበር። ከሁሉም በላይ ያንገበገባት የራሷ ነገር ነው፤ ቁልፉ ምስማር ላይ ሲንጠለጠል በየቀኑ እያየች አልፋለች።

አባባ ባርናባስ ለአራተኛው ቀጠሮ መጡ። አስቀምጣ አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

«ለበሬ ሥጋ?»

«ለበሬ ሥጋ፣ አባባ።»

የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን በግራቸው ያዙት። «ያ ሁሉ የቡሌ ጭቃ!» አሉ። ጮኹባት፤ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ሲበቃቸውም ለመርፌው እጅጌያቸውን አልሰበሰቡም።

«መጀመሪያ ቁልፉን አሳዪኝ።»

ከአንገቷ አወጣችው።

«ፍሪዘሩንም።»

ወስዳ አሳየቻቸው። አጎንብሰው፣ ቅዝቃዜው ፊታቸውን እስኪመታቸው አዩ። ከዚያ ነው ክንዳቸውን የሰጧት።

በዚያ ጥናት ስንት ሰው ደም ሰጥቷል፤ አሳዪኝ ያለ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ሮማነወርቅ ይህን ለሚያነብ ሁሉ የምትለው አንድ ነው፦ «ለጥናት ደም ሰጥታችሁ ከሆነ ሂዱ። ‹ደሜ የት ነው? ቁልፉስ ማን ጋ ነው?› በሉ። ቢቆጧችሁም ሳታዩ አትመለሱ። እኔም ብሆን፣ አትመኑኝ፤ ጠይቁኝ።»