ፎርማሊን ውስጥ የከረሙ ልቦች

ያን ዓመት የደብረ ማርቆስ ቄራ ሠራተኞች «ልብ ለቃሚዋ» ይሉኝ ነበር። ለሦስተኛ ዲግሪዬ የልብ ጡንቻ በኤምአርአይ ሲለካ ምን እንደሚያሳይ አጠናለሁ። ማሽኑ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ተራው ደግሞ በወራት ነው የሚደርሰው። ሁዳዴ ሲገባ እርድ ይቆማል። ስለዚህ በቅበላ ሰሞን ያገኘሁትን የበሬ ልብ ሁሉ ሰብስቤ፣ እንዳይበላሽ ፎርማሊን በሚባለው የሬሳ ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ነከርኩት።

ልቦቹን የሚያቀብሉኝ ሽማግሌ አራጅ ሳቁብኝ።

«ልብ ያላት ሴት ልብ ትለምናለች?»

«ምን ላድርግ አባቴ፣ ትምህርት ነው።»

«ተማሪ እንጂ። ግን ትኩሱን ትተሽ የከረመውን መመርመር ምን ይሉታል?»

ዓይኔ በፎርማሊኑ እያለቀሰ ነበር፤ በክንዴ ጠርጌ የባልዲውን ክዳን ገጠምኩ።

ተራዬ የደረሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ለካሁ። አማካሪዬ ውጤቱን አገላብጠው አዩት።

«በሬዎቹ ጤነኞች ነበሩ?»

«አዎ፣ ሐኪም አይቷቸዋል።»

«ልኬቱ ግን የታመመ ልብ ነው የሚመስለው። ፎርማሊን ውስጥ ስንት ጊዜ ቆዩ?»

«ሁለት ወር ገደማ።»

«እንግዲያ የለካሽው ልቡን አይደለም፤ ፎርማሊኑን ነው።»

አልተናደዱም፤ እሱ ባሰብኝ። ማሽኑ የሚያነበው በሥጋው ውስጥ ያለውን ውኃ ነው፤ ፎርማሊን ደግሞ ሥጋውን አጠንክሮ ያንን ይለውጠዋል። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር። ያን ያህል ይሆናል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

እንደገና ጀመርኩ። አሁን እያንዳንዱን ልብ ለሁለት እከፍላለሁ፤ ግማሹን ፎርማሊን ውስጥ፣ ግማሹን በበረዶ። ወደ አዲስ አበባ በመጀመሪያው ጉዞ መኪናችን ዓባይ በረሃ ውስጥ ተበላሸ። ሙቀቱ በረዶውን ጨረሰው፤ በበረዶ የነበረውን ሥጋ ሽታው ሲመጣ መንገድ ዳር ቆፍሬ ቀበርኩት። አልቅሼ ይሆናል፤ ላብም ስለነበረ ለይቼ አላውቅም። በሁለተኛው በሌሊት ተነሣንና በጊዜ ደረስን። የአንድ በሬ ልብ ሁለት ግማሾች ማሽኑ ላይ የሁለት ከብት ልብ መሰሉ።

የጥናቱ ርእስ ተለውጦ ፎርማሊን ልኬቱን እንዴት እንደሚያዛባ ሆነ። የመመረቂያ ጽሑፌን በፈታኞች ፊት ሳቀርብ አንዱ «የመጀመሪያውን ልኬት ጣልሽው?» አለኝ።

«አልጣልኩትም፤ ስሕተቱን ከነምክንያቱ አንድ ምዕራፍ አድርጌ ጽፌዋለሁ።»

«ያንን ምዕራፍ ነው የወደድኩት» አለ።

አመሰገንኩት። ከዚያ ሰዎች እንኳን ደስ አለሽ ሲሉኝ፣ እኔ የምፈልገው የምቀመጥበት ወንበር ብቻ ነበር።