ከጭራ የጀመረው ውሃ

የመስኖውን ውሃ በተራ የሚያካፍል የውሃ አባት ሆኜ የተመረጥሁት ሁለት ነገሮች ስለተገጣጠሙ ነው። ከዞኑ መሥሪያ ቤት በጡረታ ተሰናብቼ ከአባቴ ወደ ወረስሁት መሬት በተመለስሁ በዓመቱ የበልጉ ዝናብ ቀረ። መሬቴ ደግሞ ከቆሰበር ወደ ጥርባ መውጫ ባለው መንደራችን የመስኖ ቦይ መጨረሻ፣ እኛ ጭራ በምንለው ቦታ ላይ ነው። በልማዳችን የቦዩ ራስ ላይ የሚያርስ ሰው የውሃ አባት አይሆንም፤ ውሃው አስቀድሞ እሱን ስለሚያገኘው የጥማትን ነገር አያውቅም ይባላል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ አስጠሩኝ። ዐይናቸው ስለደከመ ሥራውን ያስረከቡት የቀድሞው የውሃ አባት በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው ተናገሩ።

«መሬትህ ጭራ ላይ ነው። ዘንድሮ ደግሞ አልዘራህበትም። ወዳንተ የሚፈስ ውሃ ስለሌለ ለሌላው ሳታዳላ ታፈሳለህ።»

«ማኅተም መምታትም ለምዷል!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ስቄ ተቀበልሁ።

ጊዜው ሚያዝያ ነበር። በደኅናው ዓመት በዚህ ወር ማለዳ ጉም ሳያይ የሚውል ሰው የለም፤ ያን ጊዜ ግን ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነጽቶ ከረመ። በግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ከብቱን የሚያወጣው ሰው በረከተ። ወረዳውም ድርቅ የሚያሰጋቸውን መንደሮች መዝግቦ እንደያዘና የኛም ከነሱ አንዱ መሆኑን፣ ሁኔታውን አይቶ የሚወስን ቡድንም እንደሚልክ አስታወቀ። እኔ ከምንጩ እስከ ጭራው ቦዩን ተከትዬ ወረድሁ። ውሃው አንሷል፤ ነገር ግን በተራ ከተጠጣ እንደሚበቃ አልተጠራጠርሁም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው ከኔ ቀጥላ ወደ ላይ የምታርሰው ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ማሳ ነበር። የዘራችው ድንች ብቻ ነው። ድንቹ አብቧል፤ ሥሩ ፍሬ የሚቋጥርበት ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ውሃ ካጣ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

«ጋሼ፣ ይህ ድንች ካልያዘልኝ ባዝራዬን፣ የማርስባትን ፈረስ፣ ግምጃ ቤት አውጥቼ እሸጣታለሁ» አለችኝ። «እሷን ከሸጥሁ ደግሞ ክረምቱን በምን ላርስ ነው? እኔው ልጠመድ?»

«ባዝራሽን አትሸጫትም» አልኋት። በሥራ ዘመኔ የማልፈጽመውን ቃል ሰጥቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ሰዉን ሰብስቤ ደንቡን ተናገርሁ። ውሃው ከጭራ ይጀምራል። የጭራው ማሳ እስኪጠግብ ድረስ ከላዩ ያለው ሁሉ ይጠብቃል፤ ከዚያ ተራው አንድ ማሳ ወደ ላይ ይወጣል። በመጨረሻ የሚደርሰው ራስ ላይ ያለው ጎረቤታችን ነው። እሱ የውሃ ሞተር አለው፤ ምላሱም እንደ ሞተሩ ነው።

«ጋሼ፣ ዘመንዎን ሁሉ ቢሮ ተቀምጠው ከላይ ወደ ታች ሲያዙ ኖረው፣ ዛሬ ከታች ወደ ላይ ይላሉ?»

«ትእዛዙ ከላይ ወደ ታች ይወርድ ነበር» አልሁት። «ሪፖርቱ ግን የሚመጣው ከታች ነበር።»

«ይሁን። ቦዩ ግን ደርቋል። ጭራው ድረስ እስኪሄድ ግማሹን አፈሩ ይጠጣዋል።»

ይህ ቁም ነገር ነበርና በሚገባ መለስሁለት። «የሚጠጣው አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ተራው ወደ ላይ በመጣ ቁጥር የሚቀበላችሁ እርጥብ ቦይ ነው፤ መንገዱም ያጥራል።»

የቀድሞው የውሃ አባት በክፉ ዘመን ድሮም እንዲሁ ይደረግ እንደነበር መሰከሩ። ባለሞተሩ ሲናደድ ወደ አዊኛ ይዞራል፤ ያን ዕለት ያለውን እዚህ አልጽፈውም።

ተራው የተጀመረ ዕለት ጠዋት ውሃው ጎረቤቴ ማሳ በደንብ ደረሰ። ረፋዱ ላይ ቀጠነ። ጆሯችንን ስንሰጥ ከላይ የሞተር ድምፅ ይሰማል። እሷ ዶማዋን አነሣች።

«ልውጣና ላሳየው!»

«ቆዪ» አልኋት። «የሚሄዱለት ሰዎች አሉ።»

ይህን የተናገርሁት በግምት አልነበረም። የሷ ማሳ ካልጠገበ ከላይዋ ያሉት ሁሉ ተራቸው አይደርስም፤ ስለዚህ የተሰረቀው የሷ ውሃ ብቻ ሳይሆን የነሱም ጊዜ ነው። ቀስ ብዬ ቦዩን ተከትዬ ስወጣ፣ ጎረቤቶቹ ጋቢያቸውን ደርበው በሞተሩ ዙሪያ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ባለሞተሩ ቆሞ ግራ ገብቶታል።

«ምን ሆናችሁ ነው?» ይላቸዋል።

«ሞተርህ ሲያስል ሰማን» አለው አንዱ። «ጎረቤት ታሞ ዝም አይባልም ብለን ልንጠይቅ መጣን።»

«እግዜር ይማርልህ» አለ ሌላው፤ እጁንም ሞተሩ ላይ አሳርፎ፣ «ውይ! ትኩሳትም አለው» ሲል ጨመረ።

እንግዳ ደጅ ከተቀመጠ ማስተናገድ ግድ ነው። ሚስቱ ቆሎና ጠላ አቀረበች፤ ደግማም ቀዳች። ጠያቂዎቹ ግን የሚነሡ አልሆኑም፤ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረው፣ ጠበል ወስዶት እንደሆነ ይጠይቃሉ። በመጨረሻ እሷው ከበር ብቅ አለች።

«ኧረ አንተ ሰውዬ! ጠላው ሳያልቅ አጥፋው!»

አጠፋው። ጸጥታ ሆነ።

«ተሻለው» አለ ትኩሳቱን የለካው ጎረቤት። «ተኝቷል።»

ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳይወድ ሳቀ። ወደኔ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የላኳቸው?» አለኝ።

«ተራቸው ነው የላካቸው» አልሁት።

ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ተራው እስኪደርስ አልተነሣም። ተራው ሲደርስም ቦዩ እርጥብ ሆኖ ጠበቀው፤ ይህንንም ሳልጠይቀው በሰው ፊት ተናገረ።

የወረዳው ቡድን የመጣው ሰማዩ ገና ደመና ሳይቋጥር ነበር። አንዱ ባለሙያ ጎረቤቴ ማሳ ገብቶ አንድ ድንች ሲነቅል ሥሩ ፍሬ አንጠልጥሎ ወጣ። ሌላውን ሊነቅል ሲያጎነብስ፣ «ተወው፣ ልጄ! ለእናንተ ቀቅያለሁ» አለችው። ባዝራዋ ከማሳው ዳር ታስራ ሣር ትቀነጥስ ነበር።

ውሳኔው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጠፈ። የመንደራችን ድንች በመልካም ይዞታ ላይ ስለሚገኝ ድርቅ ከሚያሰጋቸው መንደሮች ዝርዝር እንድንወጣ፣ በደረቅ ዓመት ውሃን ከጭራ የመጀመር ልማድም በቀበሌው ቦዮች ሁሉ እንዲሠራበት ተወስኗል ይላል። ማኅተሙ በትክክል አርፏል፤ ቀኑም ግንቦት ሃያ አራት ነው።