እህቴ የጠፋውን ዓሣ በእጆቿ አስዋኘችው

ዛሬ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ውስጥ እህቴ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የጠፋ ዓሣ በእጆቿ አስዋኘች። እኔ ጎኗ ቆሜ አለቀስኩ።

ሳምራዊት መስማት የተሳናት ጂኦሎጂስት ናት። ስለ ሌፒዶተስ ለሰፈሩ ሰው እንድታስረዳ ተጋብዛ ነበር። ቅሪተ አካሉ እኛም አገር፣ ዓባይ ሸለቆ አካባቢ የተገኘ ጥንታዊ ዓሣ ነው።

አስተርጓሚዋ ኦሎምፒያ ላይ መንገድ ተዘጋግቶባት ቀረች። አስተባባሪው "በቃ፣ ለሌላ ቀን እናድርገው" አለኝ። ለእኔ! (እሷ ፊቱ ቆማለች እኮ።)

ስነግራት ሳቀችና በምልክት "አንተ ድምፅ ሁነኝ" ብላኝ መድረኩ ላይ ወጣች።

ዓሣው በምልክት ቋንቋችን ስም ስለሌለው እዚያው ፈጠረችለት። ክንዷ ላይ ጣቶቿን እየደረደረች ወፍራም ቅርፊቱን ሠራች፤ ጡጫዎቿን እያፋጨች ዛጎል የሚሰባብር ጥርሱን አሳየች። መተርጎሜን ረሳሁት፤ ማንም አልጠየቀኝም።

አንድ አባት "ልጄ፣ እውነት አገራችን ባሕር ነበረች?" አሏት። በእጄ ነገርኳት። ውሃውን በመዳፎቿ እስከ አገጯ አነሳችው፤ ከዚያ ቀስ አድርጋ አወረደችውና የቆምንበትን መሬት አሳየቻቸው።

ስትጨርስ ሁሉም አጨበጨበ። እማዬ ግን ተነስታ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ አርገበገበች፤ መስማት የተሳናቸው የሚያጨበጭቡት እንደዚያ ነው። ድሮ ታክሲ ውስጥ "ሰው ያያል" እያለች የሳምራዊትን እጅ ትይዝ የነበረችው እናቴ! አዳራሹ በሙሉ ተከተላት።

እናንተስ፣ ያለ አንድ ቃል ያስረዳችሁ ሰው አለ? ጻፉልን፤ ኮሜንቱን የምትመልሰው ሳምራዊት ራሷ ናት።